በራሳችን ኤሪያ ኮድ የሚደውሉ አታላዮች፦ ስልኩን ማንሣት ወይስ መተው?

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በመተግበሪያ ተሳፋሪ እያመላለስኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስልኬ በአካባቢያችን ኤሪያ ኮድ በ571 ይጀምራል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያ ስድስት አሃዞቻቸው ከእኔ ቁጥር ጋር አንድ ከሆኑ ቁጥሮች ጥሪ ይጎርፍልኛል። ቁጥሩን ያየ ሰው የጎረቤት ወይም የልጆች ትምህርት ቤት መስሎት ያነሣል። ሲነሣ ትንሽ ዝምታ አለ፤ ከዚያ የተቀዳ ድምፅ ይከተላል። የመኪናዎ ዋስትና ሊያበቃ ነው፤ ለአዲስ የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ጥቅም ብቁ ሆነዋል፤ ጣሪያዎ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በነጻ እንትከልልዎ።

"የማታውቀውን ቁጥር አታንሣ" የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ነግሮኛል። ለእኔ ሥራና ለእኛ ኑሮ ግን አይሆንም። ተሳፋሪ "የት ጋ ቆመሃል?" ብሎ የሚደውለው ከማላውቀው ቁጥር ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ሐዘን ሲደርስ በእጁ ባገኘው ስልክ ይደውላል። እናቴ ባትሪዋ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካገኘችው ሰው ስልክ ትዋሳለች። የእኛ ሰው የማያውቀውን ቁጥር አላነሣም ካለ ለቅሶ ሳይደርስ፣ የታመመ ሳይጠይቅ ሊቀር ነው።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማገድ ምንም አልፈየደም፤ በማግሥቱ በሌላ ቁጥር ይመጣሉ። ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። የሰው ቁጥር ለብሰው የሚደውሉት እንዴት አድርገው ነው? ይህንን የሚከለክል ሕግ የለም ወይ? እንደ እኔ ስልኩን ዘግቶ መኖር ለማይችል ሰውስ ምን ይበጃል?

የቦልቲሞር ነዋሪ

የደረሰብህ ሁላችንንም እያቃጠለን ነው። እኔ ግን መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ስማው፤ "ከዝርዝሩ ለመውጣት 9ን ይጫኑ" ሲል ተጫን። ሰው ከመጣልህም በደንብ ተቆጥተህ ንገረው። ዝም ያልናቸው ስለሆነ ነው የደፈሩን።

የኔትወርክ ባለሙያ ከዳላስ

የቦልቲሞሩ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ ምክሩን ግን እባክህ ተወው። ቁጥር መጫን ለደዋዮቹ የሚነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ስልክ ላይ የሚያዳምጥና የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው አለ ማለት ነው። መቆጣትም ያንኑ ይነግራቸዋል። መደወያው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ስልኮችን ይሞክራል፣ ሰው ያነሣውን ለይቶ ለሻጩ ወይም ለተቀዳው ድምፅ ያቀብላል። መጀመሪያ ላይ የምንሰማት አጭር ዝምታ ብዙውን ጊዜ ይህችው የማቀበያ ጊዜ ናት። መልስ የሰጠ ቁጥር በእነርሱ ገበያ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለሌላ ደዋይም ይሸጣል።

ሾፌሩ ወንድሜ ወደ ጠየቅከው ልምጣ። በስልክ መረብ ውስጥ የደዋዩን ቁጥር የሚናገረው ጥሪው የተነሣበት ወገን ራሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በር ሲንኳኳ "ማን ነው?" ብለን "ቤተሰብ!" የሚል መልስ እንደምንሰማው ነው፤ በሩ ሳይከፈት ማንነቱን የሚነግረን አንኳኪው ነው። ድሮ መስመሮቹ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ስለነበሩ ሐሰተኛ ቁጥር ለማሳየት ውድ መሣሪያና ልዩ መስመር ያስፈልግ ነበር። በኢንተርኔት የሚተላለፍ የስልክ ጥሪ ከተስፋፋ በኋላ ግን ርካሽ ሶፍትዌር ያለው ሁሉ "የደዋይ ቁጥር" በሚለው ቦታ ላይ የፈለገውን አሥር አሃዝ መጻፍ ቻለ።

የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ኤሪያ ኮድ ናቸው፤ ቀጣዮቹ ሦስት የአካባቢው ምድብ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ የግለሰቡ ናቸው። በአንድ ምድብ ውስጥ 10,000 ቁጥር አለ። አታላዮቹ የአንተን ስድስት አሃዞች ወስደው የመጨረሻዎቹን አራት እየቀያየሩ ይደውላሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ምንም የማያውቅ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ማገድ የማይጠቅመው፤ የምታግደው ጎረቤትህን ነው፣ አታላዩ አይነካም። መልሰህ ብትደውልም የምታገኘው ያንኑ ምስኪን ጎረቤት ነው።

ሌላ ቁጥር ማሳየት ሁሉ ወንጀል እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ሐኪም ከቤቱ በግል ስልኩ ሲደውል የክሊኒኩን ቁጥር ማሳየት ይችላል። በጥቃት ምክንያት ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት ያለበትን ስፍራ ላለመግለጥ ሌላ ቁጥር ያሳያል። ለአንተ የሚደውሉልህ ተሳፋሪዎችም እውነተኛ ቁጥራቸው አይታይህም፤ መተግበሪያው በመካከል የራሱን ቁጥር ያስገባል። ቁጥር መቀየርን ከሥሩ ማጥፋት ያልተቻለው እንዲህ ያለ ቅን ጥቅም ስላለው ነው።

የቤት ለቤት ነርስ ከሚኒያፖሊስ

የእኔ ችግር የተገላቢጦሹ ነው። ቁጥሬን ወስደው ለሌሎች ይደውሉበታል። በሥራ ላይ ሳለሁ የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ "ለምን ደወልሽልኝ? ምን ልትሸጪልኝ ነው?" ይሉኛል። አንዲት አሮጊት አልቅሰው "ልጄ፣ ገንዘቤን መልሽልኝ" አሉኝ። እንዲህ ያለውን ቃል በራሴ ስልክ ስሰማ ልቤ ተሰበረ። ፖሊስ ዘንድ ብሄድ ምን ማስረጃ አለኝ? ቁጥሬን ልቀይርስ? ቁጥሬ በበሽተኞቼ ቤተሰቦች ሁሉ እጅ ነው።

የኔትወርክ ባለሙያ ከዳላስ

እህቴ፣ ቁጥርሽን አትቀይሪ። ስልክሽ ውስጥ የገባ ሰው የለም፤ የተወሰደው የቁጥርሽ አሃዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ደዋዮች ቁጥሮችን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩ ብዙውን ጊዜ ጎርፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይቆማል። የስልክ አገልግሎትን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የሚመክረው በድምፅ መልእክት መቀበያሽ ላይ "ይህ ቁጥር በአታላዮች ተወስዶ እየተደወለበት ነው፤ የደወልኩልዎ እኔ አይደለሁም" የሚል ቃል እንድታስቀምጪ ነው። ኮሚሽኑ ቅሬታም ይቀበላል፤ መዝግቢበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የድምፅ መልእክት ሣጥንሽ የይለፍ ቁጥር ከሌለው ዛሬውኑ አድርጊለት። አንዳንድ አገልግሎቶች ጥሪው ከራስሽ ቁጥር የመጣ ሲመስላቸው ያለ ይለፍ ቁጥር ሣጥኑን ይከፍታሉ። የገዛ ቁጥራችሁ ሲደውልላችሁ አይታችሁ የደነገጣችሁም ካላችሁ ምሥጢሩ ይኸው ቁጥር ማስመሰል ነው፤ ማንሣት አያስፈልግም።

የሕግ ረዳት ከሲልቨር ስፕሪንግ

"ሕግ የለም ወይ?" ለሚለው ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የምናደድበትም ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕግስ ሞልቷል። በ1991 የወጣው የስልክ ሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ያለ ፈቃዱ በተቀዳ ድምፅ የሽያጭ ጥሪ የደረሰው ሰው በእያንዳንዱ ጥሪ 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተፈጸመ እስከ 1,500 ዶላር ከስሶ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ2003 "አትደውሉልኝ" የተባለው ብሔራዊ መዝገብ ተከፈተ። በ2010 መጨረሻ የተፈረመ ሌላ ሕግ ደግሞ ለማታለል፣ ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሲባል ሐሰተኛ የደዋይ ቁጥር ማሳየትን በቀጥታ ከለከለ፤ ሲወጣ ለአንድ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣ ነበር። በዲሴምበር 2019 የተፈረመው ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች የደዋይን ቁጥር የሚያረጋግጥ ሥርዓት እንዲተክሉ አስገደደ።

ቅጣትም ተጥሏል። አድሪያን አብራሞቪች የተባለ የፍሎሪዳ ሰው በ2016 መጨረሻ በሦስት ወር ውስጥ ከ96 ሚሊዮን በላይ ጥሪዎችን በዚሁ በጎረቤት ቁጥር ማስመሰል አድርጓል። ጥሪዎቹ በታወቁ የሆቴልና የጉዞ ኩባንያዎች ስም የሚመጡ ነበሩ፤ ያነሣው ሰው ግን ከኩባንያዎቹ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ሻጭ ይተላለፍ ነበር። ነርሷ እህታችን ልብ በይ፤ የዚህ ሰው ጥሪዎች ሐኪሞች ለድንገተኛ የሚጠሩበትን የፔጀር አገልግሎት እስከ ማወክ ደርሰው ነበር። በ2018 ኮሚሽኑ 120 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። በ2021 በቴክሳስ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ቢሊዮን ለሚጠጉ የጤና ኢንሹራንስ ጥሪዎች 225 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። ሾፌሩ ወንድማችን የጠቀስከው የመኪና ዋስትና ጥሪም ባለቤት ተገኝቶለታል። በ2021 በሦስት ወር ውስጥ ከ500 ሚሊዮን ለሚበልጡ ስልኮች ከአምስት ቢሊዮን በላይ ጥሪ ያደረገ አንድ መረብ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተለያዩ የደዋይ ቁጥሮችን ተጠቅሟል። በኦገስት 2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ተጣለበት።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2019 እንደዘገበው፣ ኮሚሽኑ ከ2015 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ደዋዮች ላይ ከጣለው 208.4 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ እስከዚያ ድረስ የሰበሰበው 6,790 ዶላር ብቻ ነበር። ኮሚሽኑ ራሱ ከስሶ ማስከፈል አይችልም፤ ጉዳዩን ለፍትሕ ሚኒስቴር ያስተላልፋል፤ እስከዚያ ድርጅቱ ፈርሶ በሌላ ስም ይከፈታል፣ ወይም ሰውየው ገንዘብ የለኝም ይላል። አባቶቻችን "ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል ወይ?" ይላሉ፤ እዚህ ሌባው ተይዟል፣ ዱላው ግን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ጊዜው ያልፋል። ይህን የሚያስተካክለው ለምክር ቤት አባላት የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። እኛ በዚህ አካባቢ በቁጥር ብዙ ነን፣ ድምፅም አለን፣ በዚህ ጉዳይ ግን አንጽፍም።

የቦልቲሞር ነዋሪ

የ9ኙን ነገር ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ግን "አትደውሉልኝ" መዝገብ ላይ መመዝገብ ይህን ሁሉ ካላስቆመ ምን ይሠራል?

የሕግ ረዳት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሕግ አክባሪውን ሻጭ ያስቆማል። ከተመዘገብክ 31 ቀን በኋላ እውነተኛ ኩባንያ ሊሸጥልህ መደወል የለበትም፤ የበጎ አድራጎት፣ የፖለቲካና የጥናት ጥሪዎች ግን በዚህ አይታገዱም። ወንበዴው መዝገብ አያይም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ከተመዘገብክ በኋላ ሊሸጥልህ የደወለ የማታውቀው ሁሉ በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርጋል፤ ማጣሪያህ ይቀላል።

የኔትወርክ ባለሙያ ከዳላስ

የሕግ ረዳቷ ያነሣችው የማረጋገጫ ሥርዓት ስተር ሼክን ይባላል። ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በኢንተርኔት በሚሠራው የመረባቸው ክፍል ላይ እስከ ጁን 30 ቀን 2021 እንዲተክሉት ታዘው ነበር። ጥሪው የሚነሣበት ኩባንያ በጥሪው ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው "ደንበኛዬን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩም የእሱ ነው" ማለት ነው። ሁለተኛው "ደንበኛዬን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩ የእሱ መሆኑን ግን አላረጋገጥኩም" ይላል። ሦስተኛው "ከሌላ ተቀብዬ አሳለፍኩ እንጂ ከማን እንደመጣ አላውቅም" ነው፤ ከውጭ ሀገር የሚገቡ ጥሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃሉ። አንደኛውን ደረጃ ያገኘ ጥሪ በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቁጥሩ መረጋገጡን በሚገልጽ ምልክት ይታያል፤ በአይፎን ደግሞ በቅርብ ጥሪዎች ዝርዝር ውስጥ ትንሽ የእርማት ምልክት ይገኝበታል።

ታዲያ ለምን አልቆመም? አሮጌ የመዳብ መስመር ላይ የሚሠራ መሣሪያ ፊርማውን አያስተላልፍም፤ ጥሪው በዚያ በኩል አንዴ ካለፈ ፊርማው ይጠፋል። ከዚህም በላይ ፊርማው የሚመሰክረው ስለ ቁጥሩ ነው፣ ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም። አታላይ በሕጋዊ መንገድ ቁጥር ተከራይቶ ቢደውል አንደኛውን ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ምልክት አለው ብላችሁ እመኑ አልልም፤ ምልክት የሌለውን የጎረቤት ቁጥር ግን በደንብ ተጠራጠሩ።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት

እኔ ሚኒሶታ ብዙ ዓመት ኖሬ አሁን ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። የድሮውን የ612 ቁጥሬን አልቀየርኩም፤ ምክሬም ይኸው ነው፦ ከምትኖሩበት የተለየ ኤሪያ ኮድ ካላችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። አታላዮቹ የት እንዳለሁ አያውቁም፣ የሚያዩት ቁጥሬን ብቻ ነው። ስለዚህ በ612 ይደውሉልኛል። ሚኒሶታ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ በስም ተመዝግበው ስላሉ ስም የሌለው 612 ሁሉ ሐሰተኛ ነው፤ አላነሣውም። የልጆቼ ትምህርት ቤት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ዕድሩ ግን በ703 ወይም በ571 ነው የሚደውሉት፤ እነዚያን አነሣለሁ። ያለ አንዳች መተግበሪያ ግማሹ ጭንቀት ቀለለኝ።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር

ይህ በጣም ግሩም ነው። የእኔ ቁጥር የአካባቢው ስለሆነ አይሠራልኝም እንጂ፣ አዲስ ለሚመጡ ዘመዶች የምነግረው ይሆናል።

አንድ ወዳጄ ደግሞ አይፎን ላይ ያልታወቀ ደዋይን ጸጥ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብራ አለኝ። ግን ያ ተሳፋሪውንም ዕድሩንም አብሮ ጸጥ ያደርግብኛል። ከዚያ የተሻለ መንገድ አለ ወይ?

የኔትወርክ ባለሙያ ከዳላስ

አለ። ያ የምትለው ከ2019 ጀምሮ ያለው ሲሆን ጥሪውን ሁሉ በጅምላ ወደ ድምፅ መልእክት ይልካል። በ2025 የወጣው የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ 26፣ ግን ሌላ አማራጭ ጨምሯል። የማታውቀው ሰው ሲደውል ስልኩ ራሱ አንሥቶ ስሙንና የደወለበትን ጉዳይ ይጠይቀዋል፤ መልሱን በጽሑፍ ያሳይህና አንተ ታነሣለህ ወይም ትተዋለህ። የጎግል ፒክስል ስልኮችም ከ2018 ጀምሮ ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። መደወያ ኮምፒውተሮች ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙ ጊዜ ይዘጋሉ። ተሳፋሪ ግን "በሰማያዊው በር ጋ ነኝ" ይላል፣ የዕድሩ ጸሐፊም ስሙን ይናገራል። ደካማ ጎኑ በአማርኛ ለሚመልስ ሰው ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ ሊወጣ መቻሉ ነው። አንተ ግን የማይነበብ ጽሑፍ ስታይ የእኛ ሰው ሊሆን እንደሚችል ገምተህ አንሣው።

ከስልክህ ሌላ ኩባንያህም ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል። ቲ ሞባይል ስካም ሺልድ፣ ቬራይዘን ኮል ፊልተር፣ ኤቲ ኤንድ ቲ አክቲቭ አርመር የሚሏቸው አሏቸው፤ መሠረታዊ ክፍላቸው ያለ ክፍያ ነው። አጠራጣሪ የጽሑፍ መልእክት ከመጣ ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች ጥቆማ ወደሚቀበሉበት ቁጥር ወደ 7726 አስተላልፈው።

የእናቴ ልጅ፣ ዴንቨር

እስካሁን ስለ ሻጮች ነው የተነጋገራችሁት። እኔን የሚያስጨንቀኝ እናቴ ናት። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነው፤ "ሶሻል ሴኩሪቲ"፣ "ኢሚግሬሽን"፣ "ፖሊስ" የሚሉትን ቃላት ግን ትሰማለች፤ ስትሰማም ትንቀጠቀጣለች። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመስል ቁጥር ደውለው "የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ ሊታገድ ነው" ብለዋታል። በሀገራችን ከመንግሥት የሚመጣ ጥሪ ምን ማለት እንደነበረ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ፍርሃት አብሯት መጥቷል። አታላዮቹ ያንን ፍርሃት ነው የሚበዘብዙት። ለእርሷ ያለቴክኖሎጂ የሚገባ ነገር ምን ልንገራት?

የሕግ ረዳት ከሲልቨር ስፕሪንግ

በአማርኛ፣ በአጭሩ፣ ደጋግመሽ ንገሪያት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን ስለማገድ ደውሎ አያስፈራራም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ በፖስታ ይጽፋል፤ በስጦታ ካርድ ክፈሉ ብሎም አይጠይቅም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በስልክ ክፍያ አይቀበልም። ሜዲኬር ሳይጠሩት ደውሎ አይሸጥም። ማንም ደዋይ የስጦታ ካርድ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ ካለ፣ ያ ሰው ሌባ ነው፤ ቁጥሩ ዋይት ሐውስ ቢልም ሌባ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ ካለ ትዝጋና፣ በደብዳቤው ላይ በታተመው ቁጥር አንቺ ደውይላት።

አቶ ሽማግሌው (ሲያትል)

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ ቆየሁ። የዴንቨሯ ልጄ ላነሣችው እኔም አንድ ነገር ልጨምር።

አሁን ድምፅን ቀድተው በኮምፒውተር የሰው ድምፅ ያስመስላሉ። በጃንዋሪ 2024 በኒው ሃምፕሸር የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ አስመስለው ለመራጮች ደውለዋል፤ የሚታየው የደዋይ ቁጥርም የሌላ ሰው ነበር። በቀጣዩ ወር ኮሚሽኑ እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ድምፅ ለተቀዳ ድምፅ የወጣው ሕግ ይገዛዋል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ድምፅ መስማትም እንደ ቁጥሩ ብቻውን ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል።

ነገር ግን እኛ ሌላው ሰው የሌለው መከላከያ አለን። በባህላችን መርዶ በስልክ በድንገት አይነገርም። ሰው ሲሞት ወይም ክፉ ሲደርስ ባለቤቱ እንዲሰማ የሚደረገው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወዳጅ ተጠርቶ፣ በማለዳ ቤቱ ተሂዶ ነው። በአሜሪካም ይህንን ልማድ አልተውነውም፤ እኔ ራሴ በብዙ መርዶ ላይ ተገኝቻለሁ። ታዲያ አንድ የማይታወቅ ሰው ደውሎ "ወንድምዎ አደጋ ደርሶበታል፣ ቶሎ ገንዘብ ላኩ፣ ለማንም አትንገሩ" ቢል ያ ሰው ልማዳችንን የማያውቅ ነው፤ ከእኛ ወገን የተነሣ አይደለም። በተለይ "ለማንም አትንገሩ" የሚለው ቃል ይለየዋል። የእኛ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ለሌላው መንገር ነው። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያት፣ ወዲያው ይገባታል።

በተረፈ በቤታችሁ የምታውቁት አንድ ጥያቄ ይኑራችሁ። የአያቷን የቤት ስም፣ ልጅ ሳለች የምትወዳትን ላም ስም፣ የትም ያልተጻፈ ነገር። የሚደውለው ልጇ ከሆነ ይመልሳል።

የእናቴ ልጅ፣ ዴንቨር

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመርዶው ነገር ለእናቴ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይገባታል። ዛሬ ማታ ቡና ላይ አነሣላታለሁ።

ከፍራንክፈርት

ለንጽጽር ያህል። ጀርመን ውስጥ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ከውጭ ሀገር መረብ የሚገባ ጥሪ የጀርመን ቁጥር ለብሶ ከመጣ የስልክ ኩባንያዎች ቁጥሩን እንዲሸሽጉት ግዴታ አለባቸው፤ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ የሄደ ሰው ግን በዚህ አይነካም። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ጥሪ ስናይ እንጠራጠራለን። የፖሊስ ቁጥር 110 በስክሪን ላይ ሲታይም ፖሊስ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ይነገረዋል፤ ፖሊስ ከ110 አይደውልም። በብሪታንያ ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ ደግሞ፣ ባንክ ነኝ ብሎ የደወለ ካለ ዘግቶ 159 መደወል ነው፤ ከራስህ ባንክ ጋር ያገናኝሃል። የአሜሪካው ሕግ አውጪ እንዲህ ያለ አጭር ቁጥር ቢያስብ አይከፋም።

ከአዲስ አበባ

እኛ ዘንድ ነገሩ በሌላ መልክ ነው ያለው። ሲም ቦክስ በሚሉት መሣሪያ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ የሀገር ውስጥ ሲም ካርድ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ዓላማው የዓለም አቀፍ ጥሪ ክፍያን መስረቅ ነው። በዚህ የተነሣ ልጃችን ከአሜሪካ ሲደውል የሚታየው በ09 የሚጀምር የማናውቀው ቁጥር ይሆናል። ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ይህንን ይከለክላል። እኛ ግን የማናውቀውን ቁጥር አለማንሣት የልጅን ድምፅ ማጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናንተ በውጭ ያላችሁ፣ በርካሽ ካርድ ስትደውሉ ወላጆቻችሁ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚታያቸው ጠይቋቸው፤ ከተቻለም በኢንተርኔት በሚሠሩት መተግበሪያዎች ደውሉ፣ በዚያ ስማችሁ ይታያል።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት

ይህን ካነሣችሁ አይቀር፣ 251 አላባማ ውስጥ በሞቢል ከተማ አካባቢ የሚሠራ ኤሪያ ኮድ መሆኑን ልብ በሉ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጥሪ ከፊቱ የመደመር ምልክትና 251 ይዞ ይመጣል። 1 ቀድሞ 251 ከተከተለ ግን አላባማ ነው። እናቶቻችን 251ን ባዩ ቁጥር "ሀገር ቤት ነው" ብለው ይሮጣሉና አሳዩአቸው።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደዋይን የሚጠይቀውን ማስተካከያ አብርቻለሁ፤ የኩባንያዬን ማጣሪያም እንዲሁ። የዕድራችን አመራር ደግሞ ለአባላት የሚደወልባቸውን ሁለት ቁጥሮች ወስኖ በስብሰባ እንዲያሳውቅ ጥያቄ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል፤ አባላት ቁጥሮቹን በስም ይመዘግባሉ፣ የሐዘን ጥሪ ከእነዚያ ብቻ ይወጣል። ሌሎች ዕድሮችም ቢያደርጉት መልካም ነው።

የእናቴ ልጅ፣ ዴንቨር

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለሕግ ረዳቷ። እናቴን "አትደውሉልኝ" መዝገብ ላይ እኔ ከራሴ ስልክ ላስመዘግባት እችላለሁ?

የሕግ ረዳት ከሲልቨር ስፕሪንግ

በስልክ ከሆነ አይቻልም፤ 1-888-382-1222 የሚደወለው ከሚመዘገበው ስልክ ራሱ ነው። ስለዚህ የእናትሽን ስልክ ይዘሽ ደውይ። በድረ ገጹ በኩል ከሆነ ግን የአንቺን ኢሜይል ተጠቅመሽ በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ቁጥር ማስገባት ትችያለሽ፤ የሚላክልሽን የማረጋገጫ ኢሜይል በ72 ሰዓት ውስጥ ካልከፈትሽው ምዝገባው አይጸናም። ክፍያ የለውም፣ ጊዜውም አያልፍበትም። "ምዝገባሽን አድሺ" ብሎ የሚደውል ካለ እርሱም አታላይ ነው።